ከመስታወቱ ወዲህ፦ የስድስት ኪሎው ሙዚየም እንዴት እንደተጀመረና ምን እንዳስተማረ

ባለፈው ዓመት የእህቴን ልጅ ይዤ ስድስት ኪሎ ሄድኩ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ከዞርን በኋላ የሙዚቃ መሣሪያዎቹ ጋ ደረስን። ክራሩን አለፈችው። ማሲንቆውንም አለፈችው፣ ሁለቱንም በቴሌቪዥን ታውቃቸዋለች። በገናው ፊት ግን ቆመች።

«አጎቴ፣ ይሄ ድምፁ ምን ይመስላል?»

«ጎርነን ያለ ነው» አልኳት።

«እንደ ምን?»

«እንደ… ንብ። ንብ ስትጮህ እንደሚሰማው።»

«ገመድ እንዴት እንደ ንብ ይጮሃል?»

መልስ አልነበረኝም። በልጅነቴ በየፆሙ በገና በሬዲዮ ስሰማ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ግን ያ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አስቤ አላውቅም። ያወቅኩት ከሳምንታት በኋላ፣ በገና የሚደረድር ጓደኛዬ ቤት ነው። ነገሩ ያለው ብርኩማው ላይ፣ አውታሮቹ በሚያርፉበት እንጨት ላይ ነው። አሥሩ አውታሮች ብርኩማው ላይ ሲያርፉ፣ በእያንዳንዱ አውታርና በእንጨቱ መሃል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል። እንዚራ ይባላል። አውታሩ ሲመታ ከእንዚራው ጋር ይነካካል፤ ያ ንዝረት ነው ንቡ። ጓደኛዬ አንዱን እንዚራ በጥፍሩ ወደ ኋላ ገፋ አደረገው። ድምፁ ወዲያው ሞተ፣ ተራ የወፍራም ጅማት ድምፅ ሆነ። መልሶ አስጠጋው። ንቡ ተመለሰ። ከዚያ «አሁን አንተ ሞክር» አለኝ። ትክክለኛዋን ቦታ ለማግኘት አሥር ደቂቃ ፈጀብኝ፤ የፀጉር ስፋት ያህል ወዲያ ወዲህ ሲል ይጠፋል።

ይህን ነገር መስታወት ውስጥ ያለ በገና ሺህ ጊዜ ቢታይ አይናገርም። ዓይን የማያገኘው፣ ጣት ብቻ የሚያገኘው እውቀት አለ። የዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ደግሞ ዋና ሥራው ማስተማር ነው። ስለዚህ ጥያቄው እዚህ ጋ ይጀምራል፦ የአካባቢን ቅርስ ይዞ፣ ተማሪን እጁን አስገብቶ ማስተማር እንዴት ይቻላል? ለዚህ ከራሳችን ደጅ የተሻለ ጉዳይ አላገኘሁም። የስድስት ኪሎው ሙዚየም ሲጀመር ከመስታወት አልጀመረም።

(ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ቁጥሮቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጥናቶቹም መጽሔቶቹም እንደዚያ ስለሚቆጥሩ ነው።)

የአራት ኪሎው ቤተ መጻሕፍት

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ነው። የሚመሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ካህን) ሉሲየን ማት ነበሩ። መምህራኑ በአብዛኛው የውጭ ሰዎች፣ መጽሐፉ የውጭ፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ። ከሐረር፣ ከወለጋ፣ ከትግራይ፣ ከጎጃም፣ ከኤርትራ የመጣ ልጅ ስለ ሮማ ሕግና ስለ እንግሊዝ ግጥም ይማራል። ስለ ጎረቤቱ ተማሪ አገር ሠርግ ግን የሚያውቀው ነገር የለም። ይሄ የኔ ምሬት አይደለም፣ የጊዜው አደረጃጀት እንደዚያ ነበር።

እዚያ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ፖላንዳዊ ይሠሩ ነበር፤ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ። የመጻሕፍት ሰው ናቸው፤ ግን ዓይናቸው መደርደሪያው ላይ ብቻ አልቀረም። የድሮ ሥዕል፣ መስቀል፣ የቤት ዕቃ መሰብሰብ ጀመሩ። ዛሬ ሙዚየም የምንለው ነገር ዘሩ ያ የቤተ መጻሕፍት ክምችት ነው። ሰውየው በኋላ በኢትዮጵያ ሥዕል ጥናት ስማቸው የሚጠራ ሊቅ ሆነው፣ በ2010 ካናዳ ውስጥ አረፉ።

ከዕቃው ጎን ለጎን ግን ሌላ ነገር ተፈጠረ። ለኔ ዋናው እሱ ነው። የኮሌጁ የኢትኖሎጂ (የሕዝቦች ባህል ጥናት) ማኅበር ይባላል። ከ1953 እስከ 1961 ድረስ መጽሔት አሳተመ። ጸሐፊዎቹ በአብዛኛው ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። የሚጽፉት ስለ መጡበት አገር ነው፦ ልጅ ሲወለድ ምን ይደረጋል፣ ጋብቻ እንዴት ይፈጸማል፣ ሰው ሲሞት እንዴት ይለቀሳል።

አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በ1955 በወጣው አራተኛው ቁጥር ላይ ዱሪ መሐመድ የሚባል ተማሪ ስለ ሐረር ሙጋድ ጻፈ። ሙጋድ ማለት የሐረሪ እኩዮች የጓደኝነት ቡድን ነው። አብረው ያድጋሉ፣ አብረው ይሰበሰባሉ፣ ለደስታውም ለችግሩም አብረው ይቆማሉ። ጀጎል ውስጥ ላደገ ልጅ ይህ ጥናት የሚፈልግ ነገር አይደለም። እንደ አየር ነው፣ ሲተነፍሱት አይታይም። አሁን ግን ሙጋድ ምን እንደሆነ ሰምቶ ለማያውቅ የክፍል ጓደኛው ማስረዳት አለበት፤ ያውም በእንግሊዝኛ። አባል የሚሆነው ማነው? ከስንት ዓመቱ? የት ነው የሚሰበሰቡት? ሲያገባስ ምን ይሆናል? እነዚህን ለመመለስ የሚያውቀውን ነገር እንደ እንግዳ ሆኖ ማየት ግድ ይለዋል።

ያ ተማሪ በኋላ ዶክተር ዱሪ መሐመድ ሆነ። የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት፣ ሚኒስትር፣ በተባበሩት መንግሥታት የኢትዮጵያ አምባሳደር። ሙጋድን ስለጻፈ ነው እዚህ የደረሰው አልልም፣ ሙያው ኢኮኖሚክስ ነው። ግን በተማሪነቱ የራሱን ሰፈር በጥያቄ ዓይን የፈተሸ ሰው ዩኒቨርሲቲ መርቷል። ደስ የሚል ነገር ነው።

የዛሬ የትምህርት ባለሙያዎች «ተግባር ተኮር» የሚሉት ይህንኑ ነው። ቅርሱ ከውጭ መጥቶ አልተሰጠውም። ተማሪው ራሱ ቅርሱን ይዞ መጣ። ጠያቂም ተጠያቂም እሱ ነው። መሣሪያው አንድ ደብተር፣ አንድ እናት፣ አንድ የሰፈር ሽማግሌ ነው።

ጉድለት አልነበረውም? ነበረው እንጂ። ጸሐፊዎቹ ጀማሪዎች ናቸው። ባህልን «እንዲህ ይደረጋል» ብለው እንደማይለወጥ ሕግ የመጻፍ ዝንባሌ በእንዲህ ዓይነት የተማሪ ሥራ ውስጥ ሁሌም አለ። አክስቴ ሠርግ ላይ እንደዚያ አልተደረገም ብሎ የሚያስጨንቅ መምህር ያስፈልጋል። ሌላው ደግሞ አብዛኞቹ የኮሌጁ ተማሪዎች ወንዶች ነበሩ። ምጥ ቤት ገብቶ የማያውቅ ወጣት ስለ ወሊድ ሲጽፍ ከደጅ ሆኖ ነው የሚጽፈው። ገንፎውን ያውቃል፣ እልልታውን ይቆጥራል፤ ውስጥ ምን እንደተደረገ ግን አዋላጇ ናት የምታውቀው። እንዲያም ሆኖ ጽሑፎቹ አልተጣሉም። በ2002 አሉላ ፓንክረስት ሰብስበው እንደገና እንዲታተሙ አደረጉ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው የተማሪ የቤት ሥራ እንደገና ሲታተም ስንቴ አይተናል?

ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ

የታህሳስ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ፣ ታግተው የነበሩ ባለሥልጣናት የተገደሉት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ከዓመት በኋላ ንጉሡ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት፤ ታህሳስ 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀበት። በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተቋቋመ፤ ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር፣ ሆይናትስኪ ደግሞ የሙዚየሙና የቤተ መጻሕፍቱ ሰው። የአራት ኪሎው ክምችት ቤተ መንግሥት ገባ።

በ1968 የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር ተመሠረተ። ገንዘብ እያሰባሰበ ቅርስ ይገዛ ነበር። ጊዜው ቱሪስት የበዛበት፣ የድሮ ሥዕልና መስቀል በየሱቁ የሚሸጥበት ነው። ዛሬ ሙዚየሙ ካሉት የገበታ ላይ ቅዱሳት ሥዕሎች መሃል ለአሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊ ለፍሬ ጽዮን የሚሰጡ አሉ። በቤተ መጻሕፍቱ በኩል ደግሞ ከ1,000 በላይ የብራና መጻሕፍት አሉ። ይህ ሁሉ አገር ውስጥ መቅረቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ቤቱ ራሱ ትልቁ ቅርስ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ለድሆች ገንዘብ በሚያድልበት ሰዓት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩት በዚሁ ሕንፃ ደጃፍ ነው። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን አዲስ አበባ ላይ የወረደውን ሁላችንም እናውቃለን። የታሪክ መምህር ልጆቹን ደጁ ላይ አቁሞ «ግራዚያኒ እዚህ ነበር የቆመው፣ ሕዝቡ እዚያ» ብሎ በጣቱ ሲያሳይ፣ ሃያ ገጽ ከማንበብ ይበልጣል። ተማሪው ርቀቱን በእግሩ ይለካዋል። ፎቅ ላይ ደግሞ የንጉሡና የእቴጌ መነን መኝታ ክፍሎች አሉ። የእህቴ ልጅ ከሁሉም በላይ የተገረመችው በመታጠቢያ ቤቱ ነው፤ ንጉሥ ሻወር ይወስዳል ብላ አላሰበችም።

ከልደት እስከ ሞት

የሙዚየሙ አደራደር ራሱ የመምህር ሥራ ነው። ሌላ ቦታ ዕቃ የሚደረደረው በብሔር ወይም በክልል ነው፦ እዚህ የእነ እገሌ፣ እዚያ የእነ እገሊት። እዚህ ግን የተከፋፈለው በሰው ዕድሜ ነው። መጀመሪያ ልጅነት፦ ልደት፣ ጨዋታ፣ ተረት። ቀጥሎ ጉልምስና፦ እምነት፣ እደ ጥበብ፣ አደን፣ ጦርነት፣ የባህል መድኃኒት። መጨረሻ ላይ ሞትና ከሞት በኋላ ያለው፦ መቃብርና ትክል ድንጋይ።

ይሄ አደራደር ምን ያደርጋል? ማንም ጎብኚ ከየትም ይምጣ ራሱን ያገኛል። ሕፃን ያላዘለ ወይም ያልታዘለ የለም። የአንዱ ሕዝብ ማዘያ ከሌላው ጎን ሲቀመጥ፣ ጥያቄው «የማን ይበልጣል?» መሆኑ ይቀርና «እኛ ቤትስ በምን ነበር?» ይሆናል። እነዚያ የአራት ኪሎ ተማሪዎች ልደት፣ ጋብቻ፣ ለቅሶ እያሉ ሲጽፉ የሄዱበት መንገድ ይኸው ነው። ሆን ተብሎ ይሁን በአጋጣሚ፣ አዳራሾቹ የተማሪዎቹን መጽሔት ይመስላሉ። ለዓመታት ሙዚየሙን በባለሙያነት ያገለገሉት አህመድ ዘካርያም ሐረሪ መሆናቸው ደግሞ ክሩን መልሶ ወደ ጀጎል ይወስደዋል።

ጀጎል ካልን አይቀር፣ ሐረር ውስጥ ልጃገረዶች ስፌት የሚማሩበት ሞይ ጋር የሚባል ቤት ነበር። ተሰብስበው እየሰፉ፣ እየተጫወቱ፣ አንዷ የሌላዋን እጅ እያየች። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የሐረር ስፌት ሁሉ ከኋላው እንዲህ ያለ ክፍል አለው። «ተግባር ተኮር ትምህርት» ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር አድርገን ስናወራ ትንሽ የሚያስቀኝ ለዚህ ነው።

መስታወቱ ጠላት አይደለም

አሁን ወደ በገናው ልመለስ። «ለምን ይቆለፋል? ሕዝቡ ይንካው!» ማለት ቀላል ነው። ግን ነገሩ እንደዚያ አይደለም። የሰው እጅ ላብና ቅባት አለው። የድሮ ሥዕል እንጨት ላይ በነጭ መደብ የተሠራ ነው፤ መደቡ ከለቀቀ ቀለሙ አብሮ ይረግፋል። ቆዳ ይደርቃል፣ ጅማት ይበጠሳል። በቀን መቶ ሕፃን የሚነካው የመቶ ዓመት በገና ሁለተኛ ዓመቱን አያይም።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት ዕቃ ያስፈልጋል። አንደኛው የሚጠበቅ፣ ሁለተኛው የሚያልቅ። የሚያልቀው ከገበያ የሚገዛ ነው። ክራር፣ እንዝርት፣ አገልግል፣ ቁራጭ ብራና፣ የመቃ ብዕር። ቢሰበር ማንም አያለቅስም። ይህን ለማድረግ ዶላርም ፈረንጅም አያስፈልግም፤ ሽሮ ሜዳና መርካቶ ደርሶ መመለስ ነው።

ጥጥን ብቻ እንውሰድ። አያቴ ስትፈትል እያየሁ ነው ያደግኩት። ፍሬው በመዳመጫ ይወጣል፣ ጥጡ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል፣ ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል። አንድ ቀን «እስቲ ሞክር» ብላ ሰጠችኝ። እንዝርቱን ጭኔ ላይ አሽከረከርኩት፣ ባዘቶውን ሳብኩ፣ ተበጠሰ። ደግሜ ሞከርኩ፣ እንደገና ተበጠሰ። አያቴ ሳቀች። አንድ ስንዝር የማትሞላ፣ አንዱ ጋ ወፍራም ሌላው ጋ ቀጭን የሆነች ክር አውጥቼ ተነሳሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ነጠላ ሳይ የማስበው ሌላ ነው፦ ይህ ሁሉ ክር፣ ይህ ሁሉ እጅ! ጥለቱን ገና አላየሁትም፣ ድርና ማጉ ላይ ነኝ። አንድ ተማሪ ሙዚየም ውስጥ አምስት ደቂቃ እንዝርት ቢይዝ፣ ቀጥሎ የሚያየውን ጋቢ ሁሉ በሌላ ዓይን ነው የሚያየው።

ሰው ግን ከዕቃው ይበልጣል። ሳጥን ሙሉ ዕቃ ገዝቶ ጠረጴዛ ላይ መበተን ማስተማር አይደለም። አንድ ሙዚየም (ስሙን እንተወው) እንዲህ ዓይነት ጠረጴዛ አይቻለሁ። ልጆቹ ከበሮውን ደበደቡት፣ ፎቶ ተነሱ፣ ሄዱ። የሚመራቸው አልነበረም። ከበሮው አንዱ አፍ ለምን ሰፊ፣ ሌላው ለምን ጠባብ እንደሆነ የጠየቃቸው የለም። ጥያቄ ከሌለ ንክኪው ጨዋታ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ለዚህ ዩኒቨርሲቲ የሚያስቀና ዕድል አለው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። አንዱ ቤት በገናውን በመስታወት ይጠብቃል፣ ሌላው ቤት መሣሪያ በእቅፍ ይዞ የሚያስተምር ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያሬድ በገና ማስተማር ሲጀምር መምህሩ ዓለሙ አጋ ነበሩ። እሳቸው ራሳቸው የተማሩት ትምህርት ቤት አይደለም፤ በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ጎረቤት ሆነው ከመጡት ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነው። በደርግ ዘመን የበገናው ትምህርት ቆመ። በዚያን ዘመን መሣሪያው ሙዚየም ውስጥ በደህና ተቀምጦ ነበር። አንድም እንጨት አልጎደለበትም፣ አንድም አውታር። የጠፋው እንዚራውን የምታስተካክለዋ ጣት ነበረች።

ዛሬ በገና ተመልሷል። በየሰፈሩ ወጣቶች ይማሩታል። ጓደኛዬም ከነሱ አንዱ ነው። ከአሥሩ አውታር የሚደረደሩት ግማሽ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን፣ የቀሩት የጣት ማረፊያ መሆናቸውን የነገረኝ እሱ ነው። እንዲህ ያለ ወጣት ቅዳሜ ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት የራሱን በገና ይዞ ከመስታወቱ ወዲህ ቢቀመጥ፣ የእህቴ ልጅ ጥያቄ መልስ ያገኛል። በጀቱ የትራንስፖርትና የምሳ ነው።

ሌላው ልንበደረው ይገባል የምለው ሐሳብ ከ1953ቱ የኢትኖሎጂ ማኅበር ነው። ዛሬም ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ከየአቅጣጫው የመጣ ተማሪ አለ። ክረምት ሲመጣ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። እያንዳንዱ አንድ ዕቃ ላይ ሁለት ገጽ ጽፎ ቢመጣስ? ዕቃውን ማምጣት የለበትም። ማን ሠራው፣ በምን ሠራው፣ ሲሰበር ማን ይጠግነዋል፣ አሁን በምን ተተካ። አሁን ደግሞ ስልክ አለ፤ ድምፅ ይቀርጻል፣ እጅ ሲሠራ ቪዲዮ ያነሳል። የዱሪ ትውልድ በደብተር ያደረገውን በተሻለ መሣሪያ ማድረግ ነው። ሴቶቹም አሁን በብዛት አሉ፤ ምጥ ቤቱን ከውስጥ የሚጽፉት እነሱ ይሆናሉ።

ያን ዕለት ከሙዚየሙ ወጥተን ደጁ ላይ ትንሽ ቆየን። ሕንፃው ፊት ለፊት ጣሊያን የሠራው ወደ ሰማይ የሚጠማዘዝ፣ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። እንደሚባለው እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ላይ የቆየበትን አንድ ዓመት ይቆጥራል። ከነፃነት በኋላ ጫፉ ላይ አንበሳ ተቀመጠበት። የእህቴ ልጅ ይህን ስነግራት ተነሳችና በጣቷ እየነካች መቁጠር ጀመረች። ቆጥራ ስትጨርስ ቁጥሩን ነገረችኝ። እንደገና ከታች ጀምራ ስትቆጥር በአንድ በለጠ።

«አንዷን ዘልያት ነበር» አለችኝ፣ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች።